ከቧንቧው የወጣ አሸዋ

የካቲት 3
ዛሬም ፀሐይ። ልጄ ለእንግዶች የምታከራያቸውን ጃንጥላዎች በጠዋት አሸዋው ላይ ተከለች። ከጀልባው አሥራ አንድ እንግዳ ወረደ... የማዕድን ማውጫው ከተዘጋ ወዲህ ደሴቷ ይህን ያህል ሰው አይታ አታውቅም። የልጅ ልጄ እስከ ወገቧ አሸዋ ውስጥ ተቀብራ ትስቃለች። አራት ዓመቷ ነው። አሸዋው ነጭ፣ ልስልስ ያለ። ያምራል፣ ምን ይዋሻል።

የካቲት 9
ትንሿ ሆዴን ትላለች። ምግብ አሻፈረኝ ብላለች። እናቷ «ብርድ ነው» አለች። በዚህ ሙቀት?

የካቲት 10
ልጻፈውና ይውጣልኝ። ልጅ ሳለሁ እዚያ ዳርቻ አሸዋ አልነበረም፣ ጥቁር ድንጋይ ብቻ። የማዕድኑ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠራሁ። ድንጋዩን ፈጭተን፣ እርሳሱን ለይተን፣ ዝቃጩን በቧንቧ ወደ ባሕሩ እንለቃለን። ቧንቧውን የምከፍተው እኔ። ባሕሩ መልሶ ዳርቻው ላይ ተፋው። ያኔ ማናችንም እዚያ አንቀመጥም ነበር። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የሥራ ልብሴን ደጅ ሳላወልቅ ደፍ አታስረግጠኝም ነበር።

ታዲያ ልጄ ጃንጥላ ስትገዛ ለምን ዝም አልኩ? ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው... ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። እኛ ያወጣነው እርሳስ ነበር።

የካቲት 14
አብሮኝ ይሠራ የነበረውን ቆፋሪ አማከርኩት።
«አርፈህ ተቀመጥ። ደሴቱ በሙሉ ከዚያ ነው የሚበላው።»
«ልጅቷስ?»
«ልጅ ያመዋል፣ ይሻለዋል።»
ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ። የነበርኩትም የቀበርኩትም እኔው።

የካቲት 17
የትንሿ እጅ ይንቀጠቀጣል። ፈራሁ። ስለ አሸዋው ለእናቷ ነገርኳት፣ ጃንጥላ እያጠፈች ነበር።
«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»
«ከመጀመሪያው።»
የቀሩትን ጃንጥላዎች አጥፋ ጨረሰች።

የካቲት 18
በጀልባ ወደ ሐኪም ይዛት ሄደች። ልከተል ስል «ይቅርብህ» አለች። አባዬ ሳትለኝ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነው።

የካቲት 26
ደወለች። የትንሿ ደም ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል። ሐኪሙ ወደ ደሴቷ አትመለስ ብሏል። ትድናለች ወይ? አልኩ። «የተጎዳው ላይመለስ ይችላል አለኝ» ብላ ዘጋችው።

መጋቢት 2
ጀልባ መጣ። ወንበር አውጥቼ ወደ አሸዋው የሚያስገባው መንገድ ላይ ተቀመጥኩ። ቆፋሪው አይቶኝ ሰላምታ ነሳኝ። ይንሳ። አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። በዚህ ነው ወይ መንገዱ? አለችኝ። አሸዋው ምን እንደሆነ ነገርኳት። አመሰገነችኝ፣ ልጇን አቅፋ ተመለሰች። መናገሩ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።