አሥር ከአሥር

ሰኞ፣ ጥቅምት 9፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

አርባ ሁለት ደብተር። በሠላሳ ዘጠኙ ውስጥ፣ ስለ ንጹሕ ውኃ ካስጻፍኩት ኖት መካከል፣ «መስኮቱን ዝጋው» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ባለፈው ሳምንት ኖቱን ሳነብላቸው ነፋስ ገብቶ የክፍሉን አለቃ አዝዤው ነበር። እሱንም ጻፉት። ስቄ ስቄ፣ ኋላ ሳቄ ጠፋ። ማስታወሻዬ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ሳይንስ ብዬ ያስተማርኩት ይሄን ነው።

ከሁሉ የምትብሰው ኑሪያ ናት። የፈላና በር ሰፈር ልጅ፣ ከስድስተኛ ክፍል አንደኛ። ስጠይቃት ኖቱን ከነትንፋሼ በቃሏ ወጣችው። መስኮቱንም አልዘለለችም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 12

የመምህራን ስብሰባ። ተነሥቼ ተናገርኩ። በየትምህርቱ፣ በሒሳቡም በጂኦግራፊውም፣ ልጆቹ በራሳቸው ቃል ይጻፉ። ያዩትን፣ ያሰቡትን፣ ለምን እንዳሰቡት። የሒሳቡ አቶ በቀለ ሳቀብኝ። ሁለትና ሁለት አራት ነው፤ በአራት ላይ ምን ቅኔ ይዘረፋል? አለ። ሌሎቹም ሳቁ። ዳይሬክተሩ ግን እስከ ገና ፈተና ፈቀዱልኝ። ውጤት ከወረደ ወደ ኖታችን እንመለሳለን፤ ተጠያቂውም እኔ።

ደስ ብሎኛል። ፈርቻለሁም። በቀለን አፉን ሳላስይዝ አልቀርም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 17

ጀመርን። በቤታችሁ በዓይናችሁ ያያችሁትን አንድ ነገር ጻፉ። መንስኤው ምንድን ነው? በምን አወቃችሁ? «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ብዬ አስጀመርኳቸው። ግማሾቹ ተረቱን ጽፈው ቁጭ አሉ!

ኑሪያ ባዶ ወረቀት ታቅፋ ቀረች። አጠገቧ ሄድኩ።

«መምህር፣ ሰሌዳው ባዶ ነው። ከየት ላምጣው?» አለችኝ። እንባዋ መጣ። ከራስሽ፣ አልኳት። ምን ይዛ እንደምትመጣ ምን አውቄ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 19

ኑሪያ ግማሽ ገጽ አመጣች። ታናሽ ወንድሟ ሬድዋን፣ ገና ዳዴ የሚል ሕፃን፣ ክረምቱ ሲገባ በተቅማጥ ሞቶባቸዋል። ኖቴን ጠቅሳ፣ የገደለው ያልፈላ ውኃ ነው ትላለች። ወንድም እንደሞተባት አላወቅሁም ነበር። መስከረም ላይ መጥታ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ኖቷን ገለበጠች፣ ማን ጠየቃት?

አዘንኩላት። ግን የአስተማሪ አመል አይለቅም፤ በቀይ ቀለም ጻፍኩበት። ውኃው ለምን ሳይፈላ ቀረ? ምክንያቱን አስረጂ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 23፤ ከቀኑ 9 ሰዓት

ሙሉ ገጽ! ማስታወሻዬ፣ ከተማሪ እጅ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አግኝቼ አላውቅም። እናቷ ለሬድዋን መድኃኒት ልትፈልግ ስትወጣ፣ ውኃ አፍልተሽ ጠብቂኝ አለቻት። እሷ የሰኔ ፈተና ነበረባት። ደብተሯን ስታጠና ረሳችው። ሕፃኑ አለቀሰ፤ ከእንስራው ቀድታ አጠጣችው። በሦስተኛው ቀን ሞተ። «ስለዚህ ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ» ብላ ዘጋችው። መንስኤ፣ ማስረጃ፣ መደምደሚያ፤ ሦስቱም በየቦታቸው። ሁለት የፊደል ግድፈት አርሜ 10/10 ሰጠኋት።

አላስቻለኝም። አቶ በቀለንና ዳይሬክተሩን ጠርቼ እነሱ ባሉበት ለክፍሉ አነበብኩት። ስሟን አልጠራሁም፤ ሁሉም ግን ዞሮ እሷን አየ። ስጨርስ እንደ ልማዳችን አጨብጭቡ አልኩ። ክፍሉ አጨበጨበ። ዳይሬክተሩም። ኑሪያ ሁለት እጆቿን ከዴስኩ ሥር ደበቀች።

ያው ቀን፤ 12 ሰዓት

የልጅቱ እጆች ከፊቴ አይጠፉም። ለሕፃን ሞት አስጨበጨብኩ። ኑዛዜዋን ይዛ ብትመጣ ማርክ ሰጠኋት። በቀለ እንኳ ሲወጣ ቀና ብሎ አላየኝም፤ እሱ ገብቶት ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 26

ሦስት ቀን ሆናት ከቀረች። አብራት የምትቀመጠውን አልማዝን ጠየቅኋት። ያን ቀን መንገዱን ሙሉ ስታለቅስ ሄደች አለችኝ። ምን ሆንሽ ብትላት፣ «በሬድዋን አሥር አገኘሁ» ነው ያለቻት። ከእንግዲህ ደብተር አልነካም ብላለች። የፊታችን ሰኞ አክስቷ ዘንድ ባቢሌ ሊልኳት ነው። ለዘለቄታው።

አሥር። በገዛ እጄ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 27

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። እናቷ ወ/ሮ ፋጡማ ነደባው ላይ፣ ከፍ ብሎ በተሠራው የቤቱ መደብ፣ ምንጣፉ ጫፍ አስቀመጡኝ። ሰፈሩ ነግሯቸዋል። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝ በተሻለኝ።

«የአላህ ቀደር፣ የሱ ውሳኔ ነው፣ መምህር። ወላሂ ልጄን አንድ ቃል አልተናገርኳትም። ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስቀምጠው ሲያስመልሰው የያዝኩት እኔ ነኝ። መድኃኒት ልፈልግ ብወጣ፣ ቀኑ ደርሶ ኖሮ ምን ላርግ?»

ኑሪያ ከመጋረጃው ወዲያ ነበረች። ጠራኋት። አልወጣችም። ይቅር በይኝ፣ አልኩ ለመጋረጃው።

ወ/ሮ ፋጡማ ያን አሥር የሰጠሁበትን ወረቀት አጥፈው እጄ ላይ አኖሩት። «ይህን ከቤቴ ያውጡልኝ። ባየችው ቁጥር ትንቀጠቀጣለች። ባቢሌ ትሂድና ትረፍ እንጂ፣ ትምህርቱ ይቅርባት» አሉ። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። በሩ ጋ ሴቶች ሰላም አሉኝ፤ አልመለስኩላቸውም መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 28፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ልቀድደው አውጥቼ አንድ ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ቁጭ አልኩ።

«እናቴ ለወንድሜ መድኃኒት ልትፈልግ ወጣች።»

መድኃኒት! ለጤነኛ ልጅ ማን መድኃኒት ይፈልጋል? ትናንት እናቷ በአፋቸው ነገሩኝ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ታሞ ነበር። በሽታው ከውኃው በፊት ነበረ። ዛሬ የተጠጣ ውኃ ከትናንት ወዲያ አያሳምምም። ሬድዋን ከምን እንደታመመ አላውቅም፤ እሷም አታውቅም። ያ ውኃ ጨርሶ አልጎዳውም ብዬ አልምልም። ግን ያ «ስለዚህ» ካየችው ነገር አይመጣም። የመጣው ከኖቴ ነው። ያልፈላ ውኃ ይገድላል አልኩ፤ በቃሏ ያዘችው፤ በራሷ ላይ ፈረደችበት።

እኔስ? እዚያው መስመር ላይ፣ «መድኃኒት» ከሚለው ቃል ላይ የቀይ ቀለሜ እርማት አለ። ፊደሉን አየሁ፣ ነገሩን አላየሁም። ማሰብ አስተምራለሁ ብሎ የተነሣ ሰው! አቤት እፍረት።

አሥሩን ሰረዝኩ። ዜሮ ጻፍኩ። ከሥሩ፦ ኑሪያ፣ መደምደሚያሽ ስሕተት ነው። ሬድዋን ከዚያ ቀን በፊት ታሞ ነበር። አልገደልሽውም።

ሬድዋን አይመለስም። ኑሪያም ትመለስ እንደሆን አላውቅም። ወረቀቱን አልቀበልም ካለች ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፤ እናቷም ይስሙ። ሰኞ ደግሞ ባጨበጨቡት ሁሉ ፊት ዜሮው የእኔ መሆኑን እናገራለሁ። ባቢሌ ብትሄድም፣ ነፍስ ያጠፋች መስሏት አትሄድም።

ቀለሙ ደርቋል። ልሂድ።