የእማዬ ሹራብ ኪስ

ለናፈቅከኝ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ከርመሃል? ብርድ ሲገባ የሚነሳብህ ሳል ዘንድሮ ማረህ ወይስ እንደ ልማዱ ደረትህ ላይ ሰፈረ? ያቺ ሳቂታዋ ሚስትህስ ጤናዋ እንዴት ነው? መንትዮቹ ሱሪያቸው አጥሯቸው ይሆን ወይስ ገና ትከሻህ ላይ ይፈናጠጣሉ? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ካንተ ጋር መደባበቁ ምን ይጠቅመኛል። አለን። ከዚያ የሚያልፍ ነገር የለኝም።

የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። እማዬ አጠገቤ በመሆኗ አንተ እዚያ ሆነህ እንቅልፍ እንደሚወስድህ ጽፈሃል። አልፈርድብህም፤ ያየሃት ገና በደህናዋ ጊዜ ነው። ዛሬ ባሌን በየጠዋቱ የማን ልጅ እንደሆነ ትጠይቀዋለች። እሱም የአውቶቡሱን ቁልፍ እያንቃጨለ አማችዎ ነኝ ይላታል። ከእግር እስከ ራሱ አይታው «ይሁን፣ ልጄ ታግሳ ነው» ትላለች። በዚህ በዚህስ እንስቃለን። የማያስቀው ሌላው ነው።

ልጄን ድንቡሼን ኦቾሎኒ አይስማማትም ብዬ ስጽፍልህ፣ ቀስ በቀስ አለማምጃት ብለህ መለስክልኝ። እንዲህ ያላለኝ ሰው የለም፤ አስተማሪዋም፣ ጎረቤቱም፣ ልብስ ልታሰፋ የመጣችውም ብላኛለች። የሚለመድ ነገር አይደለም ወንድሜ። አንዲት ፍሬ አፏ ከገባች ከንፈሯ ያብጣል፣ ጉሮሮዋ ይጠባል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ለዚያ ጊዜ ጭኗ ላይ የሚወጋ መርፌ አለን፤ ከቤት ስንወጣ ከበሩ ቁልፍ በፊት የምፈልገው እሱን ነው። ልደት አትጠራም። ብትጠራም እኔ በር ላይ ቆሜ የልጆቹን እጅ እያየሁ የሰውን ደስታ አበላሻለሁ። ስትወለድ ጉንጯ ሞልቶ ስላየች ድንቡሼ ያለቻት እማዬ ነበረች፤ አሁን ከስሙ በቀር ድንቡሽነት የላትም። ምግብ ስታይ መጀመሪያ የእኔን ፊት ነው የምታየው።

የሚገርመኝ ደግሞ አንተንና እኔን ያሳደገን ይኸው ኦቾሎኒ መሆኑ ነው። እማዬ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ተቀምጣ እየቆላች፣ በወረቀት ጠቅልላ ስትሸጥ፣ እኛ ከትምህርት ቤት መልስ ኪሷ ውስጥ እጃችንን ከትተን የተረፈውን ስንለቅም ትዝ ይልሃል? እሷ ያንን ብቻ አልረሳችም። የአባታችንን መሞት ረስታለች፣ የገዛ ስሟ እንኳ አንዳንዴ ይጠፋባታል። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ኪስ ባዶ መሆን እንደሌለበት ግን ታውቃለች።

ስለዚህ በየቀኑ የሹራቧን ኪስ እፈትሻለሁ፣ የገዛ እናቴን እንደ ሌባ ክንዷን አስነስቼ። እሷ የኮረኮርኳት መስሏት ትስቃለች። ባለ ሱቁ እንዳይሸጥላት ለምኜው እሺ ብሏል፤ ግን ደጃፍ ላይ ቆማ ለልጅ ልጄ ብላ እጇን ስትዘረጋ አላፊ አግዳሚው እንዴት ይጨክን። ቆልፌባት እንዳልወጣ በሩን እየደበደበች ትጮኻለች። መጀመሪያ አካባቢ እነግራት ነበር። ይህ ነገር ልጅቷን ይገድላታል ስላት ደረቷን ይዛ፣ እስከ ዛሬ ለምን አልነገራችሁኝም እያለች ታለቅሳለች። በማግስቱ እንደ አዲስ እነግራታለሁ፣ እንደ አዲስ ታለቅሳለች። አንጀቴ አልችል ሲል መንገሩን ተውኩት። ፍተሻው ብቻ ቀረ።

ጤና ጣቢያው እንደኛ ያለ ልጅ ያላቸውን ወላጆች እየሰበሰበ ያነጋግረናል። አንዲት ነርስ አለች፣ ደግ ሴት ናት፤ ለራሳችሁም ጊዜ ስጡ፣ ባልና ሚስት ሆናችሁ ወጣ በሉ፣ እናንተ ካልበረታችሁ ልጁ አይበረታም ትለናለች። አንድ አናጢ አባት፣ እኔና ሚስቴ ከወጣን ልጁን ለማን ልንሰጠው ነው፣ ላንቺ? ብሎ አሳቀን። እሷም ሳቀች። መበርታቱንስ መቼ እምቢ አልን። ስሰፋ አንዱ ዓይኔ ጨርቁ ላይ፣ አንዱ እማዬ ላይ ነው። ባሌ ከሥራ ሲገባ ሰላምታችን ምን በላች ሆኗል። ሌላ ወሬ አጥተናል።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዲት ደንበኛ ቀሚሷን ልትለካ መጣች። እኔ ተንበርክኬ ጫፉን በስፒል እይዝላት ነበር። ጀርባዬን የሰጠሁት ለዚያች ያህል ነው። ዞር ስል እማዬ ሶፋው ላይ ተቀምጣ፣ ድንቡሼን በጉልበቶቿ መሃል አቁማ፣ ልጣጩን በአውራ ጣቷ እያሸች እፍ ትላለች። ጠዋት ኪሷን ስፈትሽ ባዶ ነበር፤ ከየት እንዳመጣችው እስካሁን አላወቅኩም። ልጅቷ አፏን ከፈተች። እኔ ስደርስ ውጣዋለች። መርፌውን እንዴት እንደወጋኋት አላስታውስም፣ ቀልቤ ተገፎ ነበር። ደንበኛዬ ስፒሉ እንደተሰካ በባዶ እግሯ ወጥታ መኪና አስቆመችልኝ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ልጅቷን ምን አደረጋችኋት እያለች ስትጮህ ትቻት ሄድኩ።

ሐኪሞቹ አተረፉልኝ። አልጋው ላይ ትንፋሿ ሲመለስ፣ ታውቂ አልነበረም ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ታውቃለች፤ ማንበብ ስትጀምር ከሁሉ በፊት የለየችው ቃል ኦቾሎኒ ነው። ለካ እስከዛሬ አያቷ ስትሰጣት በኋላ እበላዋለሁ እያለች ትቀበልና፣ ሄዳ ጥላ እጇን ትታጠብ ኖሯል። እማዬን እንዳልቆጣት ብላ ነው የደበቀችኝ። የዚያን ቀን ግን እማዬ አሁኑኑ ጉረሺ አለቻት፣ እምቢ ስትላት ማልቀስ ጀመረች። ድንቡሼ ምን አለችኝ መሰለህ፤ ስታለቅስ አሳዘነችኝ፣ ደግሞ መርፌው አለ አለችኝ። ሐኪሙን ስጠይቀው መርፌው ሁልጊዜ እንደማይደርስ ነገረኝ። ይህን ለስድስት ዓመት ልጅ እንዴት አድርጌ እንደምነግራት አላውቅም።

እናም ወንድም ጋሼ፣ ቁርጡን ልንገርህ። መጥተህ እማዬን ውሰዳት። ቤትህ ጠባብ እንደሆነ፣ ደረጃውም ለጉልበቷ እንደማይሆን አውቃለሁ። እንደማታውቅህም አውቃለሁ፤ ልጄ እያለች የምትጠራው ደብተር የያዘውን ትንሹን አንተን ነው። እዚህ ቢያንስ ግድግዳውን እየዳሰሰች መጸዳጃ ቤቱን ታገኘዋለች፤ እዚያ እሱንም ታጣዋለች። ከዚህ ከወጣች ብዙ የምትቆይ አይመስለኝም። ባሌ ሌላ መላ እንፈልግ ሲል ሰንብቶ አሁን እሱም ትቶታል። ሁለቱን በአንድ ቤት ማኖር አልቻልኩም፤ አንዷን መምረጥ ነበረብኝ፣ መረጥኩ። እምቢ አትበለኝ እንጂ ሌላ ያሻህን በለኝ፤ ጨካኝ ብትለኝም እሰማሃለሁ።

ሚስትህን አቅፈህ ሳምልኝ፤ ሳላማክራት ይህን ሸክም ስለላክሁባት ይቅር ትበለኝ። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ እማዬ ስትመጣ ኪሷን ይበርብሩ፣ አትከልክላቸው፣ እነሱን አይጎዳቸውም። ባሌ እጅ ነስቶሃል። ድንቡሼ ግንባርህን ስማሃለች፤ አያቴ የምትሄደው ለጥቂት ቀን ነው አይደል እያለች ትጠይቀኛለች።

እማዬ አጠገቤ ተቀምጣለች። ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ፤ ለልጅሽ አልኳት። ደስ አላት። የእኔንም ቃል ጨምሪበት አለችኝ፤ ቶሎ ይምጣ፣ እዚህ ቤት ያለችው ሕፃን ከስታለች፣ ከእኔ በቀር የሚያጎርሳት ሰው የለም።

ታናሽ እህትህ
ከስፌት መኪናዬ አጠገብ፣ መጋቢት 14 ቀን