ቲኬት ለገዛው ወንድሜ ስላደረጉለት ግምገማ

ለክቡር የከተማችን የፊልም ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ሆሳዕና

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም የሰላም እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ መናኸሪያው አጠገብ ኢንተርኔት ቤት የነበረኝ ገነቴ ወልደሰንበት፣ የመምህር ዕንባቆም እህት ነኝ።

አንደኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። ቀድሞ ፊልም ጥሩ መሆኑን የሚነግሩን እርስዎ ነበሩ፤ መድረክ ላይ ወጥተው ይናገራሉ፣ እኛም እናጨበጭባለን። ወንድሜ እኔ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጦ የከተማው አዳራሽ ስለሚያሳያቸው ፊልሞች ፌስቡክ ላይ መጻፍ ሲጀምር ግን የአንጋጫ ነርስና የጊምቢቹ ነጋዴ ሳይቀሩ ከሥሩ የየራሳቸውን አስተያየት ይሰጡ ጀመር። ይህን ድፍረት ለተወሰነ ጊዜም ቢሆን ችለውታል።

ሁለተኛ፣ በ2008 ዓ.ም. ኮሚቴዎ የአጎራባቻችንን የሌሞ ወረዳ ገበሬዎች ኑሮ ለማሳየት ስላሠራው ፊልም ወንድሜ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «በፊልሙ እንሰት የሚፍቁት ወንዶች ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲፍቁ የኖሩት፣ አዳራሽ የነበሩ እናቶች ሁሉ ሳቁ። በፊልሙ የራበው ሰው የለም፤ ስንወጣ ግን ከአዳራሹ ጀርባ የእርዳታ ስንዴ የሚጠብቅ ሰልፍ ነበር።» ጽሑፉን ሰው ተቀባበለው፤ በሚቀጥለው ትዕይንት አዳራሹ ባዶ ሆነ። ያኔ ቢሮዎ አስጠሩት፤ እኔም አብሬው ገባሁ።

«ኮሚቴ እያለ ፊልም የምትገመግም አንተ ማን ነህ?» ብለው ጠየቁት።

«ቲኬት የገዛሁ ሰው ነኝ» ሲል መለሰልዎ።

«ማን እንደላከህ እናውቃለን» ብለው በሩን አሳዩን። ሳያንገላቱ ስላሰናበቱን አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ በዚያው ሳምንት ሰዎችዎ ከሚያስተምርበት ክፍል አውጥተው ወሰዱት፤ የኔም ቤት ታሸገ። እናታችን ስንቅ ይዛ ከጣቢያ ጣቢያ ብትዞር «እዚህ የለም» እየተባለች ክረምቱ አለፈ። በዚያ ክረምት ኢንተርኔትን እርስዎም ተማሩት፤ የማናውቃቸው ስሞች «ድንቅ ፊልም ነው» የሚል አንድ ዓይነት አስተያየት፣ በአንድ ዓይነት የፊደል ግድፈት፣ ከወንድሜ ጽሑፍ ሥር ደረደሩ።

ዕንባቆም መስቀል ካለፈ በኋላ ተፈታ። በግራ ጆሮው አይሰማም፤ ምን እንደደረሰበትም አይናገርም። ሰሞኑን ላጫውተው ብዬ «አዲስ ፊልም መጥቷል፣ እንሂድ?» ስለው፣ «ኮሚቴው ምን አለ?» ሲል ጠየቀኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። ፊቱን ሳየው ግን አልቀለደም። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሥራዎ በሚገባ ተፈጽሟልና እንኳን ደስ ያለዎት።

ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን ያየነውን እንዳላየን መሆን ላስተማሩን ለክቡርነትዎ ራሴን ዝቅ አድርጌ እጅ እነሳለሁ።

ገነቴ ወልደሰንበት

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ወንድሜ ሲያዝ የለበሰውን ጃኬት አልመለሱለትም። የሆሳዕናን ብርድ ያውቁታል። ከሰዎችዎ ለአንዱ ልኩ ሆኖ ከሆነ ግን ይልበሰው፤ ኪሱ ውስጥ ያለውን መቁጠሪያ ብቻ ለእናታችን ይላክላት።