ማከማቻ የሚለው ቃል

ለታናሽ እህቴ፣

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ልነግርሽ ነው። መጀመሪያ ግን እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ እስከዚህ ሳምንት ድረስ የለቃሚዎቹን ካምፕ እጠብቅ ነበር።

ባልሽ ለጥጥ ለቀማ መጥቶ ያደረበት ቤት በካምፑ የፈቃድ ወረቀት ላይ "ማከማቻ" ነበር የሚባለው። አንብቤዋለሁ። ያኔ የካምፑ ጠባቂ ባለቤቴ ነበር፣ እኔ ኋላ ነው ከእሱ የተረከብኩት፤ ለብቻዬ ፊደል መቁጠሬንም ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ሰው የሚያድርበት ቤት ማከማቻ መባሉን ስነግረው "ፊደል ቆጠርሽና ዳኛ ሆንሽ!" ብሎ ሳቀብኝ። በማግስቱ ተቆጣጣሪ መጥቶ ሰው ያድርበት እንደሆነ ጠየቀኝ። ሥራውን እንዳናጣ ፈርቼ "ማዳበሪያ ብቻ ነው" አልኩት። የባልሽ ፍራሽ ከበሩ ጀርባ ተጠቅልሎ ቆሞ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ እሳት ተነሳ። በሩ ወደ ውስጥ ነበር የሚከፈተው፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲገፉት አልከፈት አለ። ሌሎቹ ጣራው ተቀዶ ወጡ፤ ባልሽ ግን አልወጣም። ለቅሶው ላይ "የመጣ ነው፣ ምን ይደረጋል" ያልኩሽ እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ፈቃዱ ይታደሳል። ሥራ አስኪያጁ ቤቱ ለማደሪያ እንደሚበቃ ጠባቂዋ ትመስክር ብሎ ወረቀት አመጣልኝ። "ማከማቻ" ተሰርዞ "ማደሪያ" ተብሏል። ከእሳቱ በኋላ ጣራው ቢለወጥም በሩ ያው አንድ ነው፣ መስኮት የለም። ማንበብ የማልችል መስሎት የአሻራ ቀለም ዘረጋልኝ።

"እማማ፣ እዚች ላይ ጣትዎን ጫን ያድርጓት ብቻ" አለኝ።

ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

"ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ደብቀውናል!" ብሎ ሳቀ። "ታዲያ አነበቡት አይደል? ተስተካክሏል እኮ።"

"ቃሉማ ተስተካክሏል ልጄ፤ ጭስ ግን ማንበብ አይችልም" አልኩት።

ሳቁን ዋጠ። የምኖርባት ክፍል የካምፑ መሆኗን እንዳልረሳ ነገረኝ። አልረሳሁም፤ አልፈረምኩምም። ዕቃዬ በሁለት ሻንጣ አለቀ፣ የከበዱኝ መጽሐፎቼ ብቻ ናቸው።

ይቅር በይኝ ብዬ አላስጨንቅሽም፤ እሱ ያንቺ ፈንታ ነው። በርሽን ብትዘጊብኝም እውነት አለሽ። እኔ ግን እንደዛሬ ቀጥ ብዬ ቆሜ አላውቅም። ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፤ የምታድሪበትን ቤት ይጠብቅልሽ።

ታላቅ እህትሽ

ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። አንዱ ያንቺ ነው። ሌላውን ነገ ጠዋት ለቃሚዎቹ ወደዚያ ቤት ሳይገቡ በእጇ የምትቀበለኝ የፈቃድ ክፍሉ ኃላፊ ናት።