አላቀድኩም ብለው ይመስክሩልኝ

ለተከበሩ የጥይቱ አዲስ ቡድን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለጉሮሮዎ፣ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። ካለፈው እሑድ ውድድር ወዲህ ሬዲዮ በከፈትኩ ቁጥር የእርስዎን ድምፅ ስለምሰማ፣ ሰው እንዲህ ሳያርፍ ሲናገር ሰንብቶ አንድ ነገር እንዳይሆን ብዬ ሰግቻለሁ። ባለቤትዎ፣ ሹፌርዎ፣ እንዲሁም ያ ከአጠገብዎ የማይጠፋው ፎቶ አንሺ ሰላም እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከመታገዴ በስተቀር ደህና ነኝ።

ምናልባት መኖሬንም ረስተውት ይሆናልና ራሴን ላስተዋውቅ። እርስዎ ጥይቱ የምንለውን ብስክሌተኛ ከቀድሞ ቡድኑ ከመውሰድዎ በፊት የእሱ ጎታች ነበርኩ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የማወጣው እርስዎን ለማዋረድ አስቤ አይደለም። ቢሮዎ በደወልኩ ቁጥር ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን በትሕትና ስለምትነግረኝ፣ በጋዜጣ በኩል ብመጣ ከስብሰባው መሐል ቀና ብለው ያዩኝ ይሆናል በማለት ነው።

የብስክሌት ውድድር የማያዘወትር አንባቢ ግራ እንዳይጋባ ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ፤ እርስዎም አብረው ቢያነቡት አይከፋኝም። ስፕሪንተር የሚባለው ተወዳዳሪ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጀርባ ተደብቆ ጉልበቱን ሲቆጥብ ይውልና፣ የፍጻሜው መስመር ሲቃረብ ተፈትልኮ ወጥቶ የሚያሸንፍ ሰው ነው። እስከዚያ ድረስ ነፋሱን ፊት ለፊት ተጋፍጦ መንገድ የሚከፍትለት ጎታች ይባላል። ጎታቹ ጉልበቱ ተሟጦ ሲያልቅ ወደ ጎን ፈቀቅ ይላል፣ ስፕሪንተሩ ያልፈዋል፣ ሕዝቡ ይጮኻል፣ ጎታቹም ትንፋሹን እየሰበሰበ ከብዙ ሰው ኋላ ይገባል። በዚህ ምንም ቅሬታ የለኝም። ሥራዬ ነው፣ እወደዋለሁም።

ጥይቱ ደግሞ አንድ አመል አለው። ፍጻሜ ሲቃረብ አንገቱን ይደፋና ከፊቱ ያለውን ሰው ተረከዝ ብቻ ያያል። መንገዱን አያይም፣ ተቀናቃኙን አያይም፣ የሚያሸንፍበትን መስመር እንኳ አያይም። እኔ ቀኝ ክርኔን ገለጥ ሳደርግለት በቀኜ በኩል ይወጣል፤ ካላደረግሁለት ግን ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ ቢመጣ አይገርመኝም። እንዲህ ሆነን ብዙ ዘመን አብረን ጋለብን። ታናሽ እህቴን ካገባ በኋላ እንኳ ከእሷ ፊት ይልቅ የወንድሟን ተረከዝ አብዝቶ እንደሚያይ እሷው ራሷ፣ ግማሽ በቀልድ ግማሽ በምሬት፣ ትናገራለች።

እንግዲህ በትዕግሥትዎ ተማምኜ ወደ ቅሬታዎቼ ልግባ።

አንደኛ። ሲያስፈርሙት፣ እኔንም አብረው እንዲወስዱኝ ጥይቱ ለምኖዎት እንደነበር አውቃለሁ። እርስዎም ነፋስ መከላከል ምን ሥራ ነው፣ ይህንንማ ግድግዳም ይችለዋል ብለው ስቀው እንደ መለሱለት፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነግሮኛል። ከልብ አመሰግናለሁ። ምን እንደምሠራ ለሚጠይቁኝ ዘመዶቼ ሁሉ ነገሩን ማስረዳት ሁልጊዜ ያታክተኝ ነበር፤ እርስዎ በአንድ ቃል ገላገሉኝ። ብቻ እንዲህ አስተዋይ የሆነ ሰው ጥይቱን ወስዶ ጠመንጃውን ትቶት መሄዱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሁለተኛ። በእኔ ምትክ ሦስት ጎታቾች ቀጠሩለት። ሦስቱም በየነበሩበት ቡድን አሸናፊ የነበሩ፣ ከኋላቸው ሰው ይኖራል ብለው በሕይወታቸው አስበው የማያውቁ ጀግኖች ናቸው። በመጀመሪያው ውድድራችሁ የደረሰውን እዚህ ማንሣት ከጨዋ ሰው አይጠበቅም፤ ስለዚህ ጨዋነቴን ለጊዜው አቆይቼ አነሣዋለሁ። እንደሚታወቀው ፍጻሜው አጠገብ መኪኖችና ሞተር ብስክሌቶች ከውድድሩ መንገድ ተለይተው የሚወጡበት መታጠፊያ አለ። የመጀመሪያው ጎታችዎ የቴሌቪዥኑን ሞተር ተከትሎ ወደዚያ ታጠፈ፤ ሁለተኛው አንደኛውን ተከተለ፤ ሦስተኛው ሁለተኛውን፤ ጥይቱም አንገቱን ደፍቶ የሦስተኛውን ተረከዝ። ከዚያም አውቶቡሶች በሚቆሙበት ሜዳ ውስጥ፣ እኔ እንኳ አይቼለት የማላውቀውን ፍጥነት አሳየ። ሦስቱንም ጥሏቸው አለፈና፣ እግሩን በባልዲ ውሃ ነክሮ ሳንድዊች ሲበላ በነበረ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ፊት እጆቹን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ሹፌሩ ደግ ሰው ስለሆነ አጨበጨበለት። እርስዎም በማግስቱ የመንገዱ ምልክት ግልጽ እንዳልነበረ መግለጫ ሰጡ፤ የቀረው ተወዳዳሪ ሁሉ ምልክቱን እንዴት እንዳየው ግን ጋዜጠኞቹ ሳይጠይቁዎት ቀሩ።

አገር የሳቀበትን እኔም ስቄበታለሁ፣ አልደብቅዎትም። ሳቁ የጠፋብኝ እህቴ ስትደውልልኝ ነው። መስመሩ ጋ ቆማ ስትጠብቀው ስትጠብቀው ቆይታ፣ ከአውቶቡሶቹ መሐል ሄዳ አገኘችው። ሄልሜቱን እንዳደረገ ዳር ላይ ተቀምጦ፣ የት ነው ያጠፋሁት እያለ ደጋግሞ ይጠይቃታል። እሱ ምንም አላጠፋም፤ የተሰጠውን ተረከዝ ተከትሏል።

ሦስተኛውን ቅሬታ ጽፌው ነበር፤ እህቴ አንብባው ይሄ ስለ ሰውዬው አሠራር ሳይሆን ስለ መልኩ ነው ብላ አሰረዘችኝ።

አራተኛ። ክቡር ሆይ፣ የመጣሁበት ዋና ጉዳይ ይህ ነው። ባለፈው እሑድ፣ ጥይቱ ትቶት በሄደው ቡድኔ ውስጥ፣ ቀጮ የምንለውን አዲሱን ስፕሪንተራችንን ስጎትት ነበር። የመጨረሻው ኩርባ ጠባብ ነው፤ ግፊያው ሌላ ነው። ቀጮ በግፊያው መሐል ጀርባዬን ለቀቀ። የእርስዎ ሦስት ጀግኖች ደግሞ ማን ቀድሞ ይጎትት በሚለው ላይ ገና አልተስማሙም ነበር። ጥይቱ በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ አንገቱን ደፍቶ መጠጊያ ሲፈልግ የሚያውቀውን ተረከዝ አየና ገብቶ ተለጠፈበት። ያደረገው ይህን ብቻ ነው።

ጎታች ወደ ኋላ አይዞርም፤ በዚያ ፍጥነት ከዞረ ራሱም ወድቆ ሌላውንም ይጥላል። ትንፋሽ ግን ይሰማል። ጥይቱ ሲደክመው ትንፋሹ እንደ ማንቆርቆሪያ ያፏጫል፤ ከኋላዬ ያ ፉጨት ሲመጣ የቀጮ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ። ደነገጥኩ። ዋሽቼ ምን አገኛለሁ፣ ደስም አለኝ፤ ይህን ላገደኝ የዲሲፕሊን ኮሚቴም ሳይጠይቁኝ ነግሬአቸዋለሁ። ባቆም ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ይከመራል፤ ብቀጥል የሰው ቡድን መጎተቴ ነው። ይህን ሳወጣ ሳወርድ ጉልበቴ አለቀ፤ ክርኔም እኔን ሳያማክር እንደ ልማዱ ተገለጠ። ጥይቱ በቀኜ በኩል ሽው ብሎ አለፈና አሸነፈ።

የሌላውን ቡድን ጎታች ጀርባ መንጠቅ በዚህ ስፖርት ውስጥ የተለመደ ነው፣ ዳኞቹም ስቀው አልፈውት ነበር። ቀጮ እንኳ ትከሻዬን መታ አድርጎ ጥፋቱ የኔ ነው ብሎኛል። ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር፣ እርስዎ ማይክሮፎኑን ባይጨብጡት። ደረትዎን ነፍተው ድሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዕቅድዎ የተመራ መሆኑን፣ የቀድሞው ጎታች የት ቦታ እንደሚገኝና መቼ ክርኑን እንደሚገልጥ ቀድመው ያውቁ እንደነበር፣ ያ ሰው በዕቅዱ ውስጥ ሁነኛ ቦታ እንደነበረው ለአገር ሁሉ አበሰሩ። በማግስቱ ደግሞ ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው በሰሌዳ ላይ ቀስት እየሣሉ አስረዱ። እኔን የሚወክለው ቀስት ቀይ ነበር፤ ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ።

የኮሚቴው አባላትም ቴሌቪዥን አላቸው። ወዲያው ጠርተው፣ የእህትህን ባል አሸናፊ ለማድረግ ቡድንህን ሸጠሃል አሉኝ። ብምልም ብገዘትም የሰማኝ የለም፤ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ተናግሮ የለም ወይ አሉኝ። እርስዎን ለምን እንደማይጠይቁ በትሕትና ባነሣ፣ ዕቅድ ማውጣት የሥራ አስኪያጅ መብት እንደሆነ፣ በዕቅዱ ውስጥ መገኘት ግን የጎታቹ ጥፋት እንደሆነ አስረዱኝ። የውድድር ፈቃዴ ታግዷል፤ በመጪው ሰኞ ለዕድሜ ልክ ይሰረዝ ወይስ ይመለስ የሚለው ይወሰናል። ከብስክሌት በቀር ሌላ ሙያ የለኝም፣ ጉልበቴም የሚሆነው ለዚሁ ነው።

ጥይቱ ከኮሚቴው ፊት ቀርቦ ማንን እንደተከተለ እንኳ አላየሁም፣ ተረከዙን ነው ያየሁት ብሎ መስክሮልኝ ነበር። ሳቁበት። ያን ያህል ሰው በሰልፍ የሚያየው ትልቅ ስፖርተኛ በተረከዝ ነው የምመራው ሲል ማን ያምነዋል? አሁን ዋንጫውን ልመልስ እያለ እህቴን መቀመጫ አሳጥቷታል። እሷም ቤቴ መጥታ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግራ ስለገባት ሁለታችንንም በየተራ ትቆጣናለች። ከዚያ ቤት ሳቅ ከጠፋ ሰነበተ፤ ከሁሉ ይልቅ ሆዴን ያባባው ይኸው ነው።

አምስተኛ። በድሉ ግብዣ ላይ ኬኩን የቆረጡት እርስዎ ነዎት።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰኞ ዕለት ከኮሚቴው ፊት ቀርበው፣ ምንም ነገር አላቀድኩም ብለው ይመስክሩልኝ። እንዲዋሹልኝ አይደለም የምጠይቅዎ፤ እንዲያውም ለአንድ ጊዜ ያህል ከዚያ ልማድ እንዲያርፉ ነው። ማስረጃ ይቸግረኛል ብለውም አይጨነቁ። የቡድናችሁን መካኒኮች ጠይቄአቸው፣ እርስዎን ከዕቅድ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ አይተው እንደማያውቁ ለመማል ተሽቀዳድመዋል፤ አንዱማ ከመቸኮሉ የተነሣ ወንበር ገልብጧል። ዋንጫውም ከመደርደሪያዎ አይወርድም፣ ድሉም አይነጠቅም፤ ከእርስዎ የሚጎድለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፣ ለእኔ ግን ቀሪ ዕድሜዬ ነው። እርስዎ በቃላት ደኅና ባለጠጋ ስለሆኑ አይጎዱም ብዬ አምናለሁ።

ጊዜዎን ስላባከንኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ሬዲዮው ሁሉ ለድምፅዎ፣ ቀስቱ ሁሉ ለሰሌዳዎ እንዲበቃዎ እየተመኘሁ፣ ባላወቅሁት ዕቅድ ውስጥ ሁነኛ ቦታ ስለሰጡኝ ውለታዎን እስከ ዕለተ ሰኞ የማልረሳ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የቀድሞው የጥይቱ ጎታች፣
ለጊዜው ሥራ ፈት።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ለጋዜጣው ልሰጥ ስነሣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ደውለው፣ እርስዎ ሰኞ ለመቅረብ ፈቃደኛ መሆንዎን ነገሩኝ፤ ግን አላቀድኩም ለማለት ሳይሆን፣ ሰሌዳዎን ይዘው ዕቅዱን በዝርዝር ለማስረዳት ነው አሉ። እህቴ ይህን ስትሰማ አለቀሰች፤ ወዳጆቼም በቃ አለቀልህ እያሉ ጠበቃ እንድይዝ ገፋፉኝ። እኔ ግን ጠበቃውን ትቼ ሰብሳቢውን አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፤ እባክዎን ሥራ አስኪያጁን ማንም አያቋርጣቸው፣ ስለ ብስክሌት የሚያውቁትን ሁሉ አንድም ሳያስቀሩ ይናገሩ። እርስዎ ተናግረው ሲጨርሱ፣ እኔ ነፃ እወጣለሁ።