በቀረጻ መሀል የቆመ ትንፋሽ

ውድ ልጄ ኮሌት፣ እግዚአብሔር በኦስሎ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ ብርዱንም ያቅልልሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጣሪያውን ራሴ እጠግናለሁ ብሎ መሰላል ላይ ነው የሚውለው።

እኔ ግን ተቃጥያለሁ። ሠላሳ ዓመት የድንገተኛ ክፍል ነርስ ሆኜ፣ ዘንድሮ እዚህ ሎስ አንጀለስ የሆስፒታል ድራማ አማካሪ አደረጉኝ። የሚሰማኝ ግን የለም። ማክሰኞ በሽተኛ ሆነው የሚተውኑት ሽማግሌ፣ ሚስተር ዌንደል፣ ቀረጻው መሀል የምር ትንፋሻቸው ቆመ። ሰው ሁሉ "አቤት ሲተውኑ!" ይላል። እኔ ከንፈራቸው ሲጠቁር አይቼ ዘልዬ ገባሁ፤ የልብ ምታቸውም የለም፤ ደረታቸውን መጫን ጀመርኩ።

"ሴትዮ፣ ቀረጻውን አበላሸሽው እኮ!" ብሎ ዳይሬክተሩ ጮኸብኝ።

"ሰውየው እየሞቱ ነው! አምቡላንስ ጥራ!"

ዶክተር ሆኖ የሚተውነው ጎረምሳ ደርቆ ቀረ። ዌንደል ተረፉ፣ ተመስገን።

ትናንት ያንኑ ትዕይንት በሌላ ሰው ሲደግሙት፣ ዳይሬክተሩ ጎረምሳውን "ደረቱን ቀስ ብለህ ተጫን፤ ላብ ፊትህን ያበላሸዋል" አይለው መሰለሽ! እንዲያ በቀስታ ተጭነው ልብ አይነሳም፤ ያየው ሁሉ እውነት ይመስለዋል። መታወቂያዬን ጠረጴዛው ላይ ጥዬላቸው ወጣሁ።

አንቺ ግን እባክሽ ልጄ፣ ልቡ የቆመ ሰው ደረቱ እንዴት እንደሚጫን እዚያ ከሚያውቅ ሰው ተማሪልኝ። የሚደርስልሽ ሰው አያሳጣሽ።

እናትሽ ሎሬይን