የአሱንታ የበለስ ሽሮፕ

ዲሴምበር 8
ዝናብ። ዳቦ ገዛሁ፤ የሰዓቴን ባትሪ አስቀየርኩ። ስመለስ መንገዱ ሁሉ የጋለ ዘይት ይሸታል… ዛሬ የገና ጣፋጩን፣ ካርቴላቴን፣ መጥበስ የሚጀመርበት ቀን ነው። እኛ ቤት አይጠበስም። ባለቤቴ አሱንታ ከሞተች ሰባት ወሯ። ሐዘን የገባበት ቤት ለገና ጣፋጭ አይሠራም፤ ጎረቤት ነው የሚያመጣለት።

ካርቴላቴውን የምትነክርበት የበለስ ሽሮፕ ግን ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። አምና ሴፕቴምበር ያፈላችው። አንድ ጠርሙስ ብቻ ቀርቷል። ዓመተ ምሕረቱን በእጇ ጽፋ ለጥፋበታለች።

ዲሴምበር 22
ስድስት ሳህን መጣ። በየመሃሉ በውኃ እየተጉመጠመጥኩ ሁሉንም ቀመስኩ። ደብተር ላይ ማርክም ሰጠሁ፣ ከአሥር፤ ማለፊያው ስድስት። የፋርማሲስቱ ሚስት፦ ቀረፋ በዝቶበታል፣ አምስት። የጎረቤቴ የወይዘሮ ዶናታ፦ ሰባት። የአሱንታን የሚመስል የለም። ምን ጠብቄ ነበር?

ዶናታ ሳህኗን ልትወስድ መጥታ ደብተሩን አየችው።
«መምህር፣ የሐዘን ሳህን ይታረማል እንዴ?»
«ልማድ ሆኖብኝ ነው።»
«ሰባት ሰጡኝ? ለአሱንታስ ስንት ይሰጧት ነበር?»

አሥር ነው ብዬ በሕይወት ሳለች አንድ ቀን እንኳ አልነገርኳትም።

ዲሴምበር 24
ጠርሙሱን አወጣሁት። መልሼ አስገባሁት።

ኦክቶበር 30
የዶናታን ወንድም ሳቬሪዮን ቀበርን። አንድ ቤት ነበር የሚኖሩት። ዘንድሮ እሷም አትጠብስም። የእኔ ሐዘን በሜይ ዓመት ሞልቶታል… ስለዚህ ሳህን ወሳጁ እኔ ነኝ። እኔ? ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው፣ ሊጥ ነክቼ የማላውቅ።

ዲሴምበር 9
ዱቄት ግማሽ ኪሎ፣ የወይራ ዘይት፣ ነጭ ወይን ለብ ያለ። ዳመጥኩ። ሦስት ሣንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥብጣብ፣ በማስመሪያ። ለሁለት አጥፎ፣ በየሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ፣ እንደ ጽጌረዳ መጠቅለል። ሃያ ሁለት ሠራሁ። እስከ ነገ ይደርቃሉ።

ዲሴምበር 10
ስምንቱ ዘይት ውስጥ ተፈቱ። አሥራ አራት ተረፉ።

የእሷን ጠርሙስ ላለመክፈት ከሱቅ ሽሮፕ ገዝቼ ነበር። ቀመስኩት። ስኳር ብቻ። ይህን ይዤ ሐዘንተኛ ቤት ልግባ?

ከፈትኩት። ሽታው ሲመጣ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ… ትንሽ ቆይቼ ሁሉንም ድስት ውስጥ ገለበጥኩት። ከሥር የብርቱካን ልጣጭ ወጣ። አርባ አንድ ዓመት በልቼ ብርቱካን እንዳለበት አላውቅም ነበር።

ዲሴምበር 11
ለዶናታ ሳህኑን አደረስኩ። ቆማ አንዱን በላች።
«ይሄ የአሱንታ ነው።»
«ሽሮፑ ብቻ።»
«እሱማ ያስታውቃል። ሊጡ ጥርስ ያወልቃል።»
«ስንት ሰጡኝ?»
«አምስት። ወድቀዋል መምህር።» ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። «የወደቀ ተማሪ መቼ ነው ድጋሚ የሚፈተነው?»
«ሴፕቴምበር።»
«በለሱም ያኔ ነው የሚፈላው። ጓሮዬ ይሞላል። ቅርጫት ይዘው ይምጡ፤ አሳይዎታለሁ።»

ቤት ገብቼ ጠርሙሱን አጠብኩት፤ ጽሕፈቷ እንዳይርስ ወረቀቱን በመዳፌ ሸፍኜ። መስኮቱ ሥር ደፍቼዋለሁ፤ እየደረቀ ነው።

ዶናታ ስለ ብርቱካኑ ልጣጭ ታውቅ ይሆን? አይመስለኝም… ሴፕቴምበር ላይ እኔ እነግራታለሁ።